ሶላር ቤት ማስገባት ያዋጣል? መጀመሪያ ቢላችሁን አውጡ

መብራት በጠፋ ቁጥር «ሶላር ላስገባ ይሆን?» የማይል ሰው የለም። ሻጮችም ቲክቶክ ላይ «የመብራት ክፍያ ቀረ!» እያሉ ነው። አጭሩ መልስ ይኸው፦ መስመር የገባለት የከተማ ቤት ቢል ለመቀነስ ብቻ ብሎ ሶላር ቢያስገባ ብዙ ጊዜ አያዋጣውም። ጀነሬተር ለሚያስነሳ ወይም ጭራሽ መስመር ላልደረሰው ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

በቁጥር እንየው። ገበያ ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱን፣ የ550 ዋት ፓኔል እንውሰድ። በእኛ አገር ፀሐይ በአማካይ በቀን አምስት ሰዓት ያህል በሙሉ ጉልበቷ እንደምትሠራ ተደርጎ ይታሰባል። በሙቀት፣ በአቧራና በኢንቨርተር የሚባክነው ሲቀነስ ከአንድ ፓኔል በቀን 2፣ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይገኛል። ኪሎዋት ሰዓት ማለት ያው ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረው ነው።

አሁን ቢላችሁን አውጡ። የከፈላችሁትን ብር ለቆጠረባችሁ ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት። ለምሳሌ አንዱ 3 ብር ቢመጣ ፓኔሉ የሚያድንላችሁ በወር 180፣ በዓመት 2,160 ብር ነው። እሱም ያመረተውን በሙሉ ከተጠቀማችሁበት ነው። ሻጩ የጠራላችሁን ዋጋ ባትሪ፣ ኢንቨርተርና የገጠማ ክፍያ ጨምራችሁ በዓመት ለሚድነው ብር አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ገንዘባችሁ የሚመለስበት ዓመት ነው። ፓኔሉ 25 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፣ ባትሪው ግን እስከዚያ አይደርስም።

«ታሪፍ እየጨመረ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ብዙ የሚጠቀም ደግሞ በከፍተኛ ዋጋ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ሒሳቡን በየጊዜው መድገም ያስፈልጋል። ግን ዕቃውም በዶላር ነው የሚመጣው፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ያለ ዘመድ «እኛ ጋ እኮ አዋጥቶናል» ቢላችሁም አትቸኩሉ። እዚያ መብራት ከእኛ በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ እስከ 2025 መጨረሻ (በእነሱ አቆጣጠር) ደግሞ መንግሥት የወጪውን 30 በመቶ ከግብር ይቀንስላቸው ነበር።

ሌላው የሚረሳው ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ የሁለት ፓኔል የሙሉ ቀን ምርት እንኳ አይሸፍነውም። «ቤቱን በሙሉ ያንቀሳቅሳል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ምጣዱን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁት።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የከተማ ሰው የሚፈልገው ቢል መቀነስ ሳይሆን ጨለማ ውስጥ አለመቀመጥ ነው። ለዚያ ደግሞ ፓኔል የግድ አይደለም! መብራት ለተወሰነ ሰዓት ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ ይበቃል፤ መብራት ሲኖር ከመስመሩ ይሞላል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፕ ጄል ባትሪ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ቶሎ እንዳይሞት ግን ከግማሹ በላይ ባይወጣበት ነው የሚመከረው፣ ስለዚህ 1.2 ቀረላችሁ። አራት አምፖል፣ ቲቪና ዋይፋይ አንድ ላይ 130 ዋት ገደማ ቢስቡ ሰባት ስምንት ሰዓት ያቆያችኋል። ፍሪጅ ከተጨመረ ግን ይህ በፍጥነት ያልቃል፤ ፍሪጅ ብቻውን በቀን ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ፣ ይህኛው መንገድ ጭቅጭቅም የለበትም።

ጀነሬተር የሚያስነሳ ሱቅ ወይም ፀጉር ቤት ከሆነ ግን ሶላሩን በደንብ ያስብበት። ከትንሽ ጀነሬተር አንድ ሊትር ቤንዚን ብዙ ጊዜ 2 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አያወጣም። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከ50 ብር በላይ ሆነ። ያንኑ 60 ኪሎዋት ሰዓት በ50 አባዙት፦ በወር 3,000 ብር። የሰልፉን ጊዜ ሳንቆጥር!

መስመር ያልደረሰው ገጠር ደግሞ ከኩራዝ ጭስ መገላገሉና ስልክ ለማስሞላት ከተማ አለመመላለሱ ብቻ ብዙ ነው። ትንሽ ባለ አምፖል ኪት ለቤተሰብ የምትልኩ ከሆነ የቬራሶል የጥራት ማረጋገጫ ያለውን ጠይቁ፤ አለበለዚያ በጥቂት ወር ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ባትሪው ላይ አትሰስቱ። ሊትየም (ሊትየም አየረን ፎስፌት የሚባለው) መጀመሪያ ይወደዳል፣ ግን አብዛኛውን አቅሙን መጠቀም ይቻላል፤ በደንብ ከተያዘ አሥር ዓመት ይደርሳል። ጄል በየቀኑ ከሠራ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ሌላ ግዢ ነው። ኢንቨርተሩ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» ይሁን፤ ርካሹ ዓይነት የፍሪጅ ሞተር ያግላል። ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የፓኔሉ ሳይሆን የባትሪውና የኢንቨርተሩ ስንት ዓመት እንደሆነ ለይታችሁ። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰር፤ ዝናብም ያጥበዋል። ሐምሌና ነሐሴ ምርቱ ሲሶ ያህል ሊቀንስ ስለሚችል ሒሳባችሁን በጥር ፀሐይ አትሥሩ። ደግሞ የሮቶ ወይም የዛፍ ጥላ የፓኔሉን አንድ ጥግ ብቻ ቢነካ እንኳ ምርቱን ክፉኛ ይቀንሳል፤ ገጣሚው ከመምጣቱ በፊት ጠዋትና ከሰዓት ጣሪያውን አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ እዩት።