«ጆ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት መጣ?

እንግሊዞች መንጋጋን «ጆ» ይሉታል። ቃሉ አጭርና ዕለት ተዕለት የሚነገር ቢሆንም የትውልድ ሐረጉ ሲመረመር የቋንቋ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አንድ ፍርድ ያልሰጡበት ሆኖ እናገኘዋለን። ክርክሩ ፈረንሳይኛ ነው ወይስ የአገሩ ተወላጅ የሚል ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የጥንቱ እንግሊዝኛ የመንጋጋ ስም አጥቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። ዛሬ ጉንጭ ማለት የሆነው «ቺክ» በጥንቱ አነጋገር «ቼአኬ» ሲባል መንጋጋ ማለት ነበር፤ ዘመዱ የሆነው የሆላንዶች «ካክ» ዛሬም መንጋጋ ነው። እንዲህ ያለው መዘዋወር በፊት ክፍሎች ስም ላይ የተለመደ ነው። የግሪኩ «ጌኑስ» መንጋጋ፥ የላቲኑ «ጌና» ጉንጭ፥ የእንግሊዝኛው «ቺን» አገጭ ሲሆኑ ሦስቱም የበቀሉት ከአንድ ሥር ነው። በአማርኛም ቢሆን መንጋጋ ሲባል አጥንቱ ነው ወይስ የኋላ ጥርሱ የሚለውን የሚለየው የንግግሩ አገባብ ነው።

«ጆ» በጽሑፍ የሚታየው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። ከቀደምት ምስክሮቹ አንዱ ቾሰር በ1380 ገደማ ከላቲን የመለሰው የቦኤቲዩስ መጽሐፍ ነው። ቦኤቲዩስ ፓውሊኑስ የተባለውን መኰንን፥ ሀብቱን በምኞት ከዋጡት የቤተ መንግሥት ውሾች አፍ እንዳወጣው ይናገራል፤ ላቲኑ ጉሮሮ ያለውን ቾሰር «ጆ» ብሎ ተረጐመው። ለእኛ ይህ ምስክርነት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ቃሉ ገና ብቅ ሲል የሚውጥ አፍ እንጂ የሚሳም ጉንጭ አይደለምና። በዚያው ዘመን የተዘጋጀው የዊክሊፍ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሶምሶን ሺህ ሰው የገደለበትን የአህያ መንጋጋ ገና በ«ቺክ» ይጠራዋል። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም «ጆ» አለው። አዲሱ ቃል አሮጌውን ከአጥንቱ ላይ አስነሥቶ ወደ ጉንጭ የሰደደው በዚህ መካከል ነው።

ፈረንሳይኛ ነው የሚሉት ጉንጭ የሚባለውን «ዡ» ይጠቅሳሉ። ማስረጃቸው ቀላል አይደለም። የጥንቱ እንግሊዝኛ በ«ጀ» ድምፅ የሚጀምር ቃል አልነበረውም፤ «ጀጅ» (ዳኛ) እና «ጆይ» (ደስታ) የገቡት ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ ነው። ይሁን እንጂ የ«ዡ» አናባቢ «ጆ»ን ለመውለድ ያስቸግራል፤ ትርጉሙም ጉንጭ እንጂ መንጋጋ አይደለም። ሌሎቹ ደግሞ «ቹ»፥ ማለት ማኘክ፥ ከሚለው የአገሩ ግሥ ያወጡታል። በዚህ በኩል ትርጉሙ ይሰምራል፤ የፊተኛው ድምፅ ግን «ቸ» መሆን ሲገባው «ጀ» የሆነበት ምክንያት አይገለጽም።

ድምፅ ብቻውን ወይም ትርጉም ብቻውን ዝምድናን አይመሰክርም። እኛ የምናዘነብለው ሁለቱ ቃላት በተናጋሪው አፍ ተገናኝተዋል ወደሚለው አሳብ ነው፤ የመጀመሪያውን ድምፅ ፈረንሳይኛው ሰጠ፥ ሥራውን ግን ማኘክ የሚለው ግሥ ወሰነለት። ለዚህም በ16ኛው መቶ ዓመት መንጋጋን «ቾ» ብለው የጻፉ ነበሩ። የ1611ዱ መጽሐፍ ራሱ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 29፥ መንጠቆ የሚገባበትን የአዞውን መንጋጋ «ቾ» ብሎ ነበር፤ በኋላ የታተሙት ግን ይህን ትተው «ጆ» አድርገውታል።