ዕቃው ሄደ፣ ስሙ ቀረ፦ የድሮ መኪኖችና የጎጃም መንገድ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ቆማችሁ የሚወጣውን የሚገባውን መኪና ብታዩ፣ ሁሉም "ፍሬቻ" እያሳየ ይታጠፋል። (እውነቱን ለመናገር ሁሉም አያሳይም፤ እሱን ለትራፊክ ፖሊስ እንተወው።) ለመሆኑ ፍሬቻ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ዛሬ ብልጭ ድርግም ከሚለው መብራት ጋር ቀስት ምን አገናኘው? ነገሩ ወዲህ ነው። ድሮ በመኪናው ጎን ተጣጥፋ የምትቀመጥ፣ ሹፌሩ ሊታጠፍ ሲል እንደ ሰው ክንድ ብድግ የምትል ቀስት መሰል ምልክት ነበረች። ብዙዎቻችን የምንወዳት ቮልስዋገን እንኳ እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይህች ክንድ ነበረቻት። ክንዷ ከጠፋች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። ስሟ ግን ዛሬም በየመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ይጠራል።

እንዲህ ያለ ስም ሞልቶናል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ክሪክ፣ ጋቢና፣ ክላክስ፣ ናፍጣ። ቡሬ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ጣሊያንን በካርታ ላይ አሳይ ቢባል የሚቸገር ልጅ ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲናገር ይውላል።

ዛሬ ስለ ድሮ መኪኖች የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የድሮ መኪና ላይ የነበሩትና የጠፉት ነገሮች አንድ ነገር ይነግሩናል ብዬ ስለማምን ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መኪናው እንዴት መጣ?

ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለጎጃም ገጠር ግን መኪና በብዛት የመጣው ከጦር ጋር ነው። ጣሊያን በ5 ዓመቱ ወረራ መንገድ ሲያወጣና ጦሩን ሲያመላልስ የሚጠቀምባቸው ትልልቅ ካሚዮኖች ነበሩት። ከእነዚህ ዋናው ፊያት 634 ነው። ስሙ በአገራችን "ትሬንታ ኳትሮ" ሆኖ ቀረ፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጋር የዘመተው ጦር ስንቁን በዋናነት የጫነው በግመል ነበር። ወደ 15 ሺህ ከሚጠጉት ግመሎች የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአንድ ወገን ግመል፣ በሌላው ወገን ካሚዮን። ያም ሆኖ በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው ባለካሚዮኑ ነበር። አገሩን የሚያውቁት አርበኞች ከግመሉ ጋር ነበሩና።

ጣሊያን ተሸነፈ፤ መኪናው ቀረ። ከወታደሩም መካከል መካኒክና ሹፌር የነበሩ ብዙዎች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። በእነሱ ሥር ዕቃ አቀባይ ሆነው የገቡ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሙያውን ከነስሙ ወረሱት። ትምህርት ቤት አልነበረም፣ መጽሐፍ አልነበረም፤ "ያንን ስጠኝ፣ ይህንን ያዝ" ነበር ትምህርቱ።

ከዚያ ኤንትሬ መጣ። ፊያት 682 ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራ፣ ከተሳቢው ጋር ሆኖ ከዓባይ በረሃ ጋር ሲታገል የኖረ መኪና። የቡሬን በርበሬ፣ የጎጃምን ጤፍና በቆሎ ወደ መሐል አገር፣ ጨውና ጨርቁን ደግሞ ወደ ጎጃም ሲያመላልስ ኖረ። ከእሱ አነስ ያለው ሎንቺና ሰው ጫነ። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲባል ደግሞ፣ ወደ ሽንዲ፣ ወደ ቋሪት፣ ወደ ሰከላ አቅጣጫ፣ የላንድሮቨር አገር ነበር።

እንግዲህ እነዚህ መኪኖች ላይ ምን ነበር?

መሪው በቀኝ

ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ የብዙዎቹ የጣሊያን ካሚዮኖች መሪ በቀኝ በኩል ነበር። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ጠርዝ ነበር የምትነዳው፤ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖቹ ግን በገዛ አገራቸው በቀኝ ጠርዝ እየነዱም መሪውን በቀኝ ያደርጉት ነበር። ምክንያቱ ገደል ነው። በተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ ጎማው ከጠርዙ በስንት ስንዝር እንደራቀ አንገቱን አውጥቶ ማየት አለበት።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። በዚያ መንገድ ላይ ጠርዙን የሚያይ ሹፌር ዋጋው ምን ያህል እንደነበር መገመት አያቅትም። ለመቅደም ሲፈልግ ግን ከፊት የሚመጣውን አያይም። ያኔ ዓይኑ ረዳቱ ነው። በግራ በኩል ተንጠልጥሎ "ነፃ ነው፣ እለፍ!" ይላል፤ ሹፌሩም ነፍሱን ለዚያ ልጅ ድምፅ ሰጥቶ ይቀድማል።

ታኮው

ረዳት ሌላም ሥራ ነበረው። መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም ከእንጨት የተጠረበውን ታኮ ይዞ ይወርድና ከኋላ ጎማ እኩል ይሮጣል። መኪናው ሊያፈገፍግ ሲል ታኮውን ጎማው ሥር ይወረውራል። መኪናው ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ራዲያተሩ ውሃ ይጨመርለታል፤ እንደገና ይነሳል። ታኮ በጣሊያንኛ የጫማ ተረከዝ ነው። መኪናው እንግዲህ በሰው ተረከዝ ነበር ዳገት የሚወጣው ማለት ይቻላል።

ማስነሳቱ

አሁን ቁልፍ እንኳ ቀርቶ በአዝራር ሆኗል። ያኔ ባትሪ ቢሞት ማኖቬላ ነበር። ከፊት ባለው ቀዳዳ ትገባለች፣ በክንድ ትዞራለች፣ ሞተሩም ይነሳል። አያያዙን ያላወቀ እጁን ይሰበራል፤ ሞተሩ መልሶ ሲመታ ርኅራኄ የለውም። ላንድሮቨር ይህችን ዘንግ ይዞ ለረጅም ዘመን ቆይቷል።

ማኖቬላ የማይችለው ትልቅ መኪና ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ ማታ ሲያቆም ቁልቁለት ይመርጣል። ጠዋት ፍሬኑን ለቀቅ፣ ማርሽ ሁለት፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፤ ሞተሩ እያጉረመረመ ይነሳል። ሜዳ ላይ ከሆነ ተሳፋሪው ይወርዳል። ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ተማሪው፣ በግ የያዘው ገበሬ ሁሉም ከኋላ ይገፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከፍለን ተሳፍረን መኪና የምንገፋ ሕዝቦች ነበርን። ቀልድ ቢመስልም፣ መኪናው ሲነሳ የሚሰማው እልልታ የእውነት ነበር።

ቆጣሪዎቹ

የድሮ ዳሽቦርድ ይናገር ነበር። የዘይት ግፊት ስንት ነው፣ ባትሪው እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ፣ ሙቀቱ የት ደርሷል፤ ሁሉም በመርፌ ይታያል። ሹፌሩ ችግሩ ከመድረሱ በፊት ሲመጣ ያየዋል። አሁን ቀይ መብራት ትበራለች፤ ያኔ ነገሩ አልቋል።

የቀድሞዋ ቮልስ ደግሞ በተቃራኒው የቤንዚን ቆጣሪ እንኳ አልነበራትም። ሞተሩ ማንኮራፋት ሲጀምር ሹፌሩ በእግሩ አንዲት መዘውር ገፋ ያደርጋል፤ ለመጠባበቂያ የቀረው ጥቂት ሊትር ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ እስከ ማደያ መድረስ የሹፌሩና የፈጣሪ ጉዳይ ነው።

ጎማውና ባሌስትራው

ጎማ ቢፈነዳ ሹፌርና ረዳት መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ይፈቱታል። ቸርኬው ቀለበቱ ተለይቶ የሚወጣ ነበር፤ ከላማዳሪው ይወጣል፣ በማስቲሽ ይለጠፋል፣ በእጅ ፖምፓ ይነፋል። የናፍጣው መስመር አየር ቢገባው ብሎን ላላ ተደርጎ በእጅ እየተገፋ አየሩ ይወጣል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥቂት ቁልፍ፣ አንድ ፒንሳና ትዕግሥት ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የመኪናው ከሞት በኋላ ያለው ሕይወት ነው። ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ሆነ። ከላማዳሪው ተተልትሎ ጭነት ማሰሪያ ሆነ። ባሌስትራው ወደ ቀጥቃጭ ቤት ሄደ። የካሚዮን ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ በእሳት ሲመታ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላ ይወጣዋል። በጎጃም የጥቁር አፈር ማሳ ላይ የጣሊያን ፋብሪካ ብረት በበሬ ተጠምዶ አርሷል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንነጋገር። ያንን ማረሻ የሠራውን ሰው "ባለእጅ" ብለን ስንንቀው፣ ከጋብቻ ስናርቀው ኖረናል። ያንኑ ብረት መኪና ላይ የሚፈታውን ሰው ደግሞ "መካኒክ" ብለን አከበርነው። ብረቱ አንድ ነው፤ እሳቱና መዶሻው አንድ ነው። ልዩነቱ የአንዱ ስም አማርኛ፣ የሌላው የፈረንጅ መሆኑ ነው። የእጅ ሙያን በራሳችን ስም ስንጠራው የምንንቅ፣ በሰው አገር ስም ሲመጣ የምናከብር መሆናችን እስካሁን ብዙ አስከፍሎናል።

ድሮ ሁሉ ማር ነበር?

አልነበረም። ታኮ ይዞ የሚሮጥ ረዳት እግሩ ሲያንሸራትት ጎማው ሥር የሚገባው እሱ ነው። ያ የሚፈታ ቸርኬ ቀለበቱ ሲወረወር ሰው ይገድል ነበር። የደህንነት ቀበቶ የለም። ፍሬን የበጠሰ ተሳቢ ዓባይ በረሃ ውስጥ የሚያቆመው ገደሉ ብቻ ነው። የድሮ መኪና ናፋቂ ሆኖ ይህን የማይናገር ሰው ትዝታውን ቀለም እየቀባ ነው። ዛሬም ቢሆን አዲስ መኪና ስለመጣ አደጋው አልጠፋም፤ አይሱዙን "አልቃይዳ"፣ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን የተሻለ ፍሬን የተሻለ ፍሬን ነው።

ስለዚህ የጠፋው ነገር ምቾት አይደለም፤ ደህንነትም አይደለም። የጠፋው መኪናው ለእኛ ክፍት መሆኑ ነው። ድሮ የሚበላሸው ነገር ሁሉ መንገድ ላይ መልስ ነበረው፤ መልሱም በሹፌሩ፣ በረዳቱ፣ በጂጋ ወይም በማንኩሳ ባለው ጋራዥ፣ ካልሆነም በቀጥቃጩ እጅ ነበር።

አሁን ያለንበትን እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። ነዳጅ በዶላር የሚገዛ፣ ኤሌክትሪክ ግን ከራሱ ወንዝ የሚያመነጭ አገር ይህን ማሰቡ አያስገርምም። እኔም አልቃወምም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። መኪናው ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በክሪክና በፒንሳ አይፈታም፤ ያላወቀ ቢነካው ይገድለዋል። ችግሩን የሚናገረው በኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም የሚመልሰው የይለፍ ቃል ላለው ነው። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ያላት ከተማ ሆናለች፤ መኪና ያስፈልጋታል። ከአዲስ አበባ ግን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ጦርነት ደግሞ መንገዱ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫም ባለሙያም አይመጣም። ያኔ የሚያድነው እዚያው ያለ እጅ ነው።

ጣሊያን ሊያስተምረን አልመጣም፤ ሊገዛን ነው የመጣው። አባቶቻችን ግን ዕቃ እያቀበሉ ሙያውን ከእጁ ወሰዱት። ዛሬ መኪናውን በገዛ ገንዘባችን ነው የምናስገባው። እንግዲያው ከመኪናው ጋር መመርመሪያው፣ ሥልጠናውና የመጠገን መብቱ አብሮ እንዲገባ መጠየቅ ይገባናል። የአስመጪነት ፈቃድ ሲሰጥ፣ "በክልል ከተሞች ስንት ሰው ታሠለጥናለህ?" የሚል ጥያቄ ቅድመ ሁኔታ መሆን አለበት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ለዘመኑ መኪና ካልተዘጋጁ፣ የነገ ልጅ የሚወርሰው ስሙን ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ፍሬቻ።

ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገዱም ሰላም ይሁን፤ በመንገዱ ላይ ለሚቆመው መኪናም ከአጠገቡ የሚከፍተው ሰው አይጥፋ። በሰፈራችሁ በዕድሜ የገፋ ሹፌር ካለ፣ ጋሼ ብላችሁ ቡና ጋብዙትና ዓባይን በኤንትሬ እንዴት እንደሚወጣ ጠይቁት። ሳይመሽ።

ቸር ያሰማን።