በቤተሰብ የአኒሜሽን ፊልሞች ውስጥ የተሸሸገ የአዋቂዎች ቀልድ

በቤተሰብ የአኒሜሽን ፊልም ውስጥ የተሸሸገ የአዋቂዎች ቀልድ የሚባለው፣ ልጅና ወላጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሚያዩት ትዕይንት ውስጥ ታሪኩን ሳያቋርጥና ልጁን ግራ ሳያጋባ ለወላጁ ብቻ የሚደርስ ሁለተኛ ትርጉም ነው። በንግግር፣ በገጸ ባሕርይ ስም፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጽሑፍ፣ በሙዚቃ ወይም ከሌላ ፊልም በተዋሰ የካሜራ እይታ ሊመጣ ይችላል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ልዩነት አለው። በቅኔ ሰሙ የወርቁ መሸፈኛ ነው፤ ወርቁን ያላገኘ ሰው ቅኔው ገባኝ አይልም። በፊልሙ ግን ሰሙ ለብቻው ሙሉ መሆን ይኖርበታል። የስድስት ዓመት ልጅ አንዳች የጎደለበት ሳይመስለው ስቆ መውጣት ካልቻለ ቀልዱ ከሽፏል።

ስያሜው «የአዋቂዎች» ይበል እንጂ ሁለቱን ተመልካቾች የሚለያቸው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ አስቀድመው ያዩትና የኖሩት ነገር ጭምር ነው። ይህን ከማንም በተሻለ የሚያሳየው በ1995 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) የወጣው «ቶይ ስቶሪ» ውስጥ ያለ የጥቂት ሰከንዶች ትዕይንት ነው። ሚስተር ፖቴቶ ሄድ የተባለው የድንች አሻንጉሊት ዓይኑን፣ አፍንጫውንና አፉን አዘበራርቆ ፊቱ ላይ ይሰካና «ፒካሶ ሆንኩ» ይላል። ሃም የተባለው በአሳማ ቅርጽ የተሠራ የሳንቲም ማጠራቀሚያ አልገባኝም ሲለው፣ ድንቹ ያልሠለጠነ አሳማ ብሎ ሰድቦት ይሄዳል። ልጁ በተዘበራረቀው ፊት ይስቃል። የፓብሎ ፒካሶን ሥዕሎች የሚያውቅ ደግሞ በምስሉ ይስቃል። ፒካሶን የማያውቀው አዋቂም አልተረሳም፤ ሃም ስለ እሱ ሆኖ አልገባኝም ብሎለታል። ስድቡ በመልኩ አሳማ በሆነው በሃም ላይ ማረፉ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ተጨማሪ ሳቅ ነው። በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ እንደዚህ ለሦስት ዓይነት ተመልካች በእኩል ያሰበ ቀልድ ማግኘት ይከብዳል።

ከሲኒማ ቤት እስከ ሳሎን

የአሜሪካ ካርቱን ሲጀመር የልጆች ብቻ አልነበረም። ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ድረስ አጫጭር ካርቱኖች በሲኒማ ቤቶች ከዋናው ፊልም አስቀድሞ፣ ከዜና ፊልም ጋር ይታዩ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠውም ሽማግሌ፣ ወታደር፣ ፍቅረኛሞች፣ ሁሉም ዓይነት ሰው ነበር። የፍላይሸር ወንድማማቾች ስቱዲዮ ያወጣት ቤቲ ቡፕ በአጭር ቀሚሷና በአነጋገሯ ለአዋቂ የተሠራች መሆኗን አትደብቅም ነበር። የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች የሥነ ምግባር ደንባቸውን ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ማስፈጸም ሲጀምሩ ግን ቀሚሷ ረዘመ፤ ጠባይዋም ተገራ። በቀጥታ ማለት ሲከለከል በዘወርዋራ ማለት የሥራው አንድ ክህሎት ሆነ።

በዚህ ክህሎት የዋርነር ብራዘርስ ካርቱን ሠሪዎችን የሚስተካከል አልነበረም። እንደ ሃምፍሪ ቦጋርት ያሉ የዘመኑን የፊልም ተዋናዮች በካርቱን መልክ ከጥንቸሉ ባግስ በኒ ጋር ያገናኟቸው ነበር። ቸክ ጆንስ በ1957 ያወጣው «ዋትስ ኦፔራ፣ ዶክ?» የሪቻርድ ቫግነርን ግዙፍ ኦፔራዎች በሰባት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጨምቆ፣ ጥንቸልና አዳኝ እንዲዘፍኑት አድርጓል። ጆንስ እነዚህን ፊልሞች የሠራው ለልጆችም ለአዋቂዎችም ሳይሆን ለራሱ እንደሆነ ይናገር ነበር። ቫግነርን ለማያውቅ ልጅ እንኳ ሙዚቃውና ሥዕሉ በቂ የሆነለት ሠሪው ማንንም ዝቅ አድርጎ ስላላየ ይመስለኛል።

በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቱዲዮዎች ፊልሞቻቸውን በጅምላ አስገድደው ለሲኒማ ቤቶች ማከራየታቸውን ካገደ በኋላ የአጫጭር ካርቱን ገበያ እየቀዘቀዘ ሄደ። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የቆዩትን ካርቱኖች ገዝተው በልጆች ሰዓት ማሳየት ጀመሩ። ፊልሙ ያው ሆኖ ተመልካቹ ተለወጠ፤ የአዋቂው ቀልድም ልጆች ፊት ቁጭ አለ። በ1959 የጀመረው የሮኪና የቡልዊንክል ተከታታይ ፕሮግራም ይህን አጋጣሚ ሆን ብሎ ተጠቀመበት። የሰላዩ ስም ቦሪስ ባዴኖቭ፣ ቦሪስ ጎዱኖቭ ከተባለው የሩሲያ ገዢ ስም ተጣምሞ የወጣ ነው፤ የፕሮግራሙ ቀልድ ግማሹ በቀዝቃዛው ጦርነት ላይ ያነጣጠረ ነበር።

ቀልዱን የዘመናችን ፊልሞች መደበኛ አካል ያደረገው የቤት ቪዲዮ ነው። ልጅ ብቻውን ሲኒማ ቤት አይሄድም፤ ትኬቱንም ካሴቱንም የሚገዛው ወላጅ ነው። ከዚያም ልጁ ያንኑ ካሴት እየደጋገመ ሲያስከፍት ሳሎን ውስጥ አብሮ የሚሰማው ያው ወላጅ ነው። «ዘ ላየን ኪንግ» በቪዲዮ ካሴት ከ30 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ሸጧል። በእንዲህ ያለ ገበያ ወላጁን የማያሰለች ፊልም መሥራት ለስቱዲዮው የገንዘብ ጉዳይ ሆነ።

ሁለት መንገዶች

ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለውን ሥራ ስናይ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ወላጁ የሚያውቀውን ዝነኛ ሰው ወይም ፊልም መጥቀስ ነው። በ1992 በወጣው «አላዲን» ሮቢን ዊሊያምስ ለጂኒው ድምፅ ሲሰጥ፣ ጃክ ኒኮልሰንን፣ አርኖልድ ሽዋርዜኔገርን፣ ግሩቾ ማርክስን እያስመሰለ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የሠዓሊዎቹ ቡድን መሪ ኤሪክ ጎልድበርግም መልኩን በየቅጽበቱ ይለዋውጥለታል። ጂኒው ከሚያስመስላቸው ሌላው የቴሌቪዥን አቅራቢው ኤድ ሰሊቫን ነው። የሰሊቫን ፕሮግራም የቆመው በ1971 ስለሆነ ፊልሙ በወጣበት ዓመት እንኳ የወላጆች ትዝታ ብቻ ነበር። ዛሬ ፊልሙን የሚያይ ወጣት አብዛኛውን ሰው አያውቀውም። ያም ሆኖ ትዕይንቱ አልሞተም፤ የዊሊያምስ ፍጥነትና የጎልድበርግ መስመር ስሞቹን ረስተንም ያስቃሉ። ይህን ፈለግ የተከተሉ ብዙ ፊልሞች ግን ስሙን ብቻ ወስደው ፍጥነቱን ትተውታል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አርጅተዋል።

«ሽሬክ» (2001) ጥቅሱን ወደ ጠብ ወሰደው። ጄፍሪ ካትዘንበርግ በ1994 ከዲዝኒ ወጥቶ ድሪምወርክስን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ የድርጅቱ ፊልምም የዲዝኒን ተረቶች በሙሉ ለመሳለቂያ አቀረባቸው። በፊልሙ ውስጥ የአጭሩ ገዢ የሎርድ ፋርኳድ ከተማ ዱሎክ መግቢያዋ በወረፋ ገመድ የተከበበ፣ የመኪና ማቆሚያ ያላት፣ አሻንጉሊቶች ተሰልፈው የሚዘምሩባት የመዝናኛ ፓርክ ናት። ዲዝኒላንድን የጎበኘ ወላጅ ወዲያው ይለያታል። የፊልሙ ጀግና ሽሬክ የአጭሩን ጌታ ሰማይ ጠቀስ ቤተ መንግሥት አይቶ፣ ሰውዬው የጎደለውን አንድ ነገር እያካካሰ ይሆን እንዴ ብሎ ጓደኛውን አህያ ይጠይቀዋል። ልጁ ስለ ቁመት ይሰማል፤ ወላጁ ስለ ወንድነት። ፊልሙ በአሜሪካ ወላጅ አብሮ እንዲያይ የሚመክር የዕድሜ ደረጃ ተሰጥቶት፣ በካን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ፣ በምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ የመጀመሪያውን ኦስካር ወሰደ።

ሁለተኛው መንገድ ከሕይወት ልምድ የሚቀዳ ነው፤ የበለጠ የሚከብደውም፣ የበለጠ የሚቆየውም ይኸው ነው። «ፋይንዲንግ ኒሞ» (2003) ውስጥ ሦስት ሻርኮች በሰመጠ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ስብሰባ ይቀመጣሉ። አንዱ ተነሥቶ ስሙን ይናገራል፤ የመጨረሻውን ዓሣ ከበላ ስንት ሳምንት እንደሆነው ይመሰክራል፤ ሌሎቹ ያጨበጭቡለታል። ልጁ የሚያየው ዓሣ አንበላም ብለው የማሉ አስፈሪ ሻርኮችን ነው። ወላጁ ግን የስብሰባውን ሥርዓት ያውቀዋል፤ በ1935 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር አባላት ልክ እንዲህ ነው የሚናገሩት። ከዚያ ዶሪ ከተባለችው ዓሣ አፍንጫ ትንሽ ደም ይፈስሳል፤ መሪያቸው ብሩስ ሽታው ሲደርሰው ዓይኑ ይጠቁራል፤ ማሳደድም ይጀምራል። ጓደኞቹ ሊያስታግሡት ይታገሉታል። ለልጁ ይህ የሚያስፈራ ሩጫ ነው። ቤቱ ውስጥ ከመጠጥ ጋር የታገለ ሰው ያለው አዋቂ ግን መሐላ በአንድ ጠብታ እንዴት እንደሚፈርስ፣ የፈረሰበትም ሰው ክፉ ሆኖ እንዳልሆነ ያያል። ሳቁና ሐዘኑ ከአንድ ቦታ ይወጣሉ፤ ታሪኩም ለአፍታ አልቆመም። የብሩስ ስምም የራሱ ምሥጢር አለው፦ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 የወጣውን «ጆውስ»ን ሲሠራ የሜካኒካል ሻርኩ ቅጽል ስም ብሩስ ነበር። ይህ ግን ፊልም ወዳዱን ለማስደሰት የተጨመረ ቅመም ነው፤ ባይኖርም ትዕይንቱ አይጎድልም።

«ዙቶፒያ» (2016) ሁለቱንም መንገዶች ይሄዳል። ትንሹ አይጥ መሳይ የወንበዴዎች አለቃ ሚስተር ቢግ «ጎድፋዘር»ን ላየ ብቻ የሚከፈት ቀልድ ነው። የመንጃ ፈቃድ ቢሮው ትዕይንት ግን ቀድሞ የታየ ፊልም አይፈልግም። መስኮቱ ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች ስሎዝ ይባላሉ፤ ዛፍ ላይ የሚኖሩ እጅግ ቀርፋፋ እንስሳት ናቸው። ጠዋት ገብቶ ማምሻውን ከመሥሪያ ቤት የወጣ ባለጉዳይ፣ ዋሽንግተንም ይኑር አዲስ አበባ፣ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ቀልድ ያልሆነው

ከዚህ ጋር ተቀላቅለው የሚወሩ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛው ሠሪዎች ለራሳቸው የሚያስቀምጡት ምልክት ነው። «ኤ113» የሚለው ቁጥር የአኒሜሽን ፊልም ሠሪዎቹ ጆን ላሴተርና ብራድ በርድ የተማሩበት የካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም የመማሪያ ክፍል ቁጥር ሲሆን፣ «ቶይ ስቶሪ» ላይ በአሻንጉሊቶቹ ባለቤት በአንዲ እናት መኪና ታርጋ፣ «ዎል-ኢ» ላይ ደግሞ ለጠፈር መርከቡ በተሰጠ ትእዛዝ ስም ሆኖ ይመጣል። የጓደኛሞች ሰላምታ ነው እንጂ ለወላጅ የተላከ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው ይከብዳል። በጥር 1999 ዲዝኒ «ዘ ሬስኪዩርስ» የተባለው የ1977 ፊልሙን 3.4 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ ካሴት መልሶ ሰበሰበ። በአንድ ትዕይንት ጀርባ፣ በመስኮት ውስጥ፣ በሁለት ፍሬሞች ላይ የተራቆተች ሴት ፎቶግራፍ ተገኝቶ ነበር። ምስሉ በሲኒማ ፍጥነት ስለሚያልፍ ማንም አላየውም፤ ካሴትን ማቆም ሲቻል ግን ታየ። እዚህ ውስጥ ቀልድ የለም። ወላጅ ልጁን አምኖ ፊልም ፊት ሲያስቀምጥ የሰጠው አደራ ተነካ፤ በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱትን መልካም ሥራዎች ያቆማቸው ደግሞ ያው አደራ ነው። ከዚህ ክስተት በፊትም በኋላም ብዙ ሐሰተኛ ክስ ተነሥቷል። «ዘ ላየን ኪንግ» ላይ አንበሳው ሲምባ ገደል አፋፍ ላይ ሲጋደም በሚነሣው አቧራ ውስጥ ነውረኛ ቃል ያነበቡ ነበሩ፤ ሠሪዎቹ ግን ፊደሎቹ የልዩ ምስል ቡድኑ ስም ምሕጻር መሆናቸውን አስረድተዋል።

ድንበር ሲሻገር

ቀልዱ በእውቀት ላይ የቆመ ስለሆነ አገር ሲለወጥ ይሰበራል። ስቱዲዮዎች ይህን ስለሚያውቁ አንዳንድ ጊዜ ምስሉን ራሱን ይቀይራሉ። የ«ዙቶፒያ» የዜና አንባቢ በአሜሪካ ሙስ የተባለው ትልቅ አጋዘን ሲሆን በቻይና ፓንዳ፣ በአውስትራሊያ ኮአላ፣ በብራዚል ጃጓር ነው። «ኢንሳይድ አውት» (2015) ላይ ሕፃኗ ራይሊ የምትጠየፈው ብሮኮሊ ለጃፓን ተመልካች ወደ አረንጓዴ ቃሪያ ተለውጧል፤ የጃፓን ልጆች የሚጠሉት አትክልት ቃሪያ ነውና። በዚያው ፊልም ስለ «ቻይናታውን» (1974) የተሰነዘረው ጥቅስ ግን ለየአገሩ ሊለወጥ የሚችል አልነበረም፤ ፊልሙን ያላየ ያልፈዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆች ለሚያሳድጉ፣ የቀልዱ አቅጣጫ ሊገለበጥ ይችላል። ኤድ ሰሊቫንንም ዲዝኒላንድንም ሳያውቁ ያደጉ ወላጆች፣ እዚያው የተወለደው ልጃቸው ከፍ ሲል የሚስቅበት ቦታ ላይ ምን እንዳሳቀው ይጠይቁታል፤ ልጁም ያስረዳቸዋል። የሻርኮቹ ስብሰባና የመንጃ ፈቃዱ ቢሮ ግን አስረጂ የማያሻቸው ናቸው። ሠሪዎቹ ለወላጅ ሲያስቡ ከዝነኛ ስም ይልቅ ከኑሮ ሲቀዱ፣ ሥራቸው የሚደርስለት ቤት ይበዛል።