ሰባት ቤት ድረስ፦ የአያቶቻችንን ስም ከአሽዶድ ሆነን ስንፈልግ



ወደ አሽዶድ ከገባችሁ ወዲህ ስማችሁን ስንት ጊዜ እንዳስጻፋችሁ እስቲ አስቡት። ለመታወቂያው ደብተር፣ ለኩፓት ሆሊም፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለባንኩ። በየመስኮቱ የምትጠየቁት «የቤተሰብ ስም» ነው። በአገራችን ግን እንዲህ የሚባል ስም አልነበረም። ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ማንነቱ በደንብ ይታወቅ ከተባለ አያቱ ይጨመራል። ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ አንዱ ወንድም የአባቱን ስም ሰጠ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጣው ታናሹ ደግሞ የአያቱን፣ በዚህም የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ላይ ባዕድ ሆነው ቀሩ። በ1984 መጨረሻ በሙሴ ዘመቻ ከገቡት ጀምሮ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ወገኖቻችን በሁለት ቀን ሳይሞላ ሲገቡም፣ ይህ ነገር በየቤቱ ታይቷል። እናንተም ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም።

ታዲያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችሁ «እኛ የማን ዘር ነን?» ቢሉ መልሱን ከየት ያገኙታል?

የእንግሊዝ ገበሬ ዘር ይህን ቢጠይቅ የሚሄድበት ቦታ አለው። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። ከ1837 ጀምሮም በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ራሱ መመዝገብ ያዘ። ቁራሽ መሬት ያልነበረው አራሽ እንኳ በዕድሜው ሁለት ሦስት ጊዜ ስሙ ተጽፎለታል። ዛሬ አውስትራሊያ ወይም አሜሪካ የተወለደ የልጅ ልጁ የመንደሩን ስም ብቻ ካወቀ፣ ባሕር ማዶ ሆኖ ያንን መዝገብ ያስፈልጋል።

በእኛ ገጠር እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም። ኢትዮጵያ ውስጥ አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2016፣ በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው። እኛ የነበረን የሽማግሌ አፍ ነው። ይህን ስል ለማሳነስ አይደለም፤ ያ አፍ ሕግና ምክንያት የነበረው መዝገብ ነበር።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዘር የሚቆጥሩት በተለይ ለርስት ነበር። መሬት ይገባኛል የሚል ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ከመጀመሪያው አቅኚ አባት መወለዱን በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ማሳየት ነበረበት። አባቶቻችን ግን፣ ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ታሪክ፣ ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «ያልተጠመቀ ርስት የለውም» ካሉ በኋላ አብዛኞቹ የሰው መሬት የሚያርሱ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ የሚሸምኑ ሆኑ፤ እናቶቻችንም ሸክላ ሠሩ። መሬት በስማቸው የደረሳቸው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ርስት የሌለው ሰው ዘሩን ለምን ይቆጥራል? ለጋብቻ። በእናትም በአባትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙ አይጋቡም። ስለዚህ ልጅ ከመታጨቷ በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይቆጥሩ ነበር። ሐሰት የተናገረ ሰው ሁለት ቤት ያፈርሳል፤ እንግዲህ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ የተያዘ ቃል ከብዙ ወረቀት የተሻለ ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

እዚሁ አሽዶድ የሆነውን ላጫውታችሁ። ሁለት ወጣቶች በሠራዊት አገልግሎት ተዋውቀው ሊጋቡ ተስማሙ። የልጁ ወገን ከደምብያ፣ የልጅቷ ከሰሜን ነው፤ ዝምድና አለ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ለወጉ ያህል እንቁጠር አሉና ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ሁለቱም ወገን አንድ ሰው ጠሩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ግን አልቸኮሉም፤ «የእናንተ ሰውዬ ሥራው ምን ነበር? ሚስቱስ ከየት መጣች?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ቀጥቃጭ፣ ሌላው ሸማኔ፤ የአንዱ ሚስት የወገራ፣ የሌላው የቋራ ሰው ሆነች። ስሙ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት ነበሩ። ሠርጉ ተሠረገ። ስም ብቻ ቢያዝ ኖሮ ያ ትዳር በከንቱ ይፈርስ ነበር። እናንተም ስትጠይቁ ስም ብቻ ይዛችሁ አትነሡ።

እኔ በመጀመሪያ አጠያየቅ አላወቅሁም ነበር። ደብተር ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩና «አባትሽ መቼ ተወለደ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ልጄ፣ እኔ ራሴ መቼ እንደተወለድኩ የነገሩኝ እዚህ ያሉት ጸሐፊዎች ናቸው» አለችኝ። ዓመት አትጠይቁ፤ ምን በሆነ ጊዜ እንደሆነ ጠይቁ። «ጣሊያን ሲገባ አባትሽ ምን ያህል ነበር?» ብትሉ «ከብት ይጠብቅ ነበር» ትላችኋለች፤ ያ 1928 ዓ.ም. ነው፣ ልጁም የስምንት ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ይሆናል ማለት ነው። ጃንሆይ የነገሡት በ1923 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ድርቡሽ ጎንደርን ያቃጠለው በ1880 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በ1881 ነው። በዚያው ጊዜ ከብቱ በበሽታ አልቆ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ገባ፤ ብዙ የቤተ እስራኤል መንደር የጠፋው፣ ብዙ ሰው ከቀዬው የተሰደደው ያን ጊዜ ነው። «አያታችን ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ሰፈረ» የሚል ወሬ በቤታችሁ ካለ፣ ክፉ ቀንን አስቡ። ወሬው ወደ ትግራይ የሚያመራ ከሆነ ደግሞ በ1862 አባ ማሃሪ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግር የተነሡበትን ጉዞ አስቡ፤ ብዙው በመንገድ በረሀብና በበሽታ አልቋል።

ሰባት ቤት ስንት ዓመት ነው? ትውልዱን ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ዓመት አድርጋችሁ አስሉት። በ1940 ገደማ የተወለዱ ሽማግሌ ራሳቸውን አንድ ብለው ሰባት ቢቆጥሩ፣ ሰባተኛው ሰው ከ1760 እስከ 1790 ባለው ጊዜ የተወለደ ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገብቶ ስለ ወገኖቻችን የጻፈው በ1770 እና በ1771 ባየው ነው። ስለዚህ አያታችሁ በቃል የያዙት የመጨረሻ ስም ብሩስ ያለፈበት መንደር ልጅ ሊሆን ይችላል።

የተጻፈም አለ፤ ያለፉትን ሰዎች እናመስግን ወይም እንውቀስ የሚለው ሌላ ነገር ሆኖ። በ1860 ገደማ ሚስዮናውያኑ ሄንሪ ስተርንና ማርቲን ፍላድ ወገኖቻችንን ሊያጠምቁ መጡ፤ ፍላድ ደምብያ ውስጥ ጀንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱም መጽሐፍ ጽፈዋል። በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ፣ በ1904 ደግሞ ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች መጡ፤ እነዚህ አይሁድ ሆነው ለእርዳታ ነው የመጡት። የፋይትሎቪች መጻሕፍትና ወረቀቶች ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ ከአሽዶድ በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። መጻሕፍቱ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ የተማረ ልጃችሁን ላኩ። ሲፈልግ ግን «ቤተ እስራኤል» በሚለው ብቻ ከሆነ ብዙ አያገኝም፤ እኛ የማንወደውን «ፈላሻ» የሚለውን ስም ጨምሮ ይፈልግ። የሚያገኘውም በብዛት የመንደርና የቄሶች ስም እንጂ የእያንዳንዱ አባወራ ስም አይደለም። መንደሩ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ በቦታቸው የሌሉ ብዙ መንደሮች በእነዚህ ገጾች ብቻ ቀርተዋል።

አንድ የሚያም ነገር ላንሣ። ከመካከላችሁ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ የተጠመቀበት ብዙ ቤተሰብ አለ፤ በዚህ ምክንያትም ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ዓመታት ጠብቃችኋል፣ ዘራችሁን በባለሥልጣን ፊት ደጋግማችሁ ቆጥራችኋል። ከዚያ በኋላ «ዘር ቁጠሩ» የሚል ጽሑፍ ማንበብ እንደሚያስመርር አውቃለሁ። ያ ቆጠራ ግን ለመሥሪያ ቤት ነበር፤ የሚፈለገውን አንድ መስመር ብቻ ይዞ ሌላውን ጥሎታል። አሁን የምትቆጥሩት ለራሳችሁ ነው፤ የተጣሉትን ሁሉ መልሷቸው። በተለይ እናቶችን። በደብተሬ ውስጥ የአባቴን ወገን እስከ ስምንት ስጽፍ የእናቴ እናት እናት ስም ጠፍቶኝ ሁለት ዓመት ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት ቂርያት ጋት ከሚኖሩ አንዲት ሴት ነው፤ በሸክላ ሥራዋ ያስታውሷት ነበር።

አገር ቤት የቀረ ዘመድ ካላችሁ ሌላ መንገድም አለ። አያቶቻችሁ ያረሱት የማን መሬት ነበር? የባለርስቱ ዘር ለርስቱ ሲል ታሪኩን ይዞ ይሆናል፤ ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ ስምም ሊያውቅ ይችላል። በስልክ ይጠየቅ።

ስትጽፉ መጀመሪያ በአማርኛ ፊደል ጻፉ። ልጆቹ በዕብራይስጥ እንጻፍ ይሏችኋል፤ ይጻፉ፣ ግን ከሥሩ። ዕብራይስጥ አናባቢውን ይውጠዋል። አበበ ወንድ ነው፣ አበባ ሴት ናት፤ በዕብራይስጥ ፊደል ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፣ የልጅ ልጃችሁም አያቱን በአያቱ እናት ለውጦ ያነበዋል። የዓመቱንም ነገር አትርሱ፦ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ጻፉ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለውና። በእኛ 1950 የተወለደ ሰው ያለ ምልክት ከተጻፈ ሳያረጅ ያረጃል። የነገራችሁን ሰው ስምና የነገራችሁንም ቀን ከታች አኑሩ፤ ሌላ ዘመድ ሌላ ስም ከጠራም የመጀመሪያውን አትሰርዙ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።