ሥራና ቤተሰብ ይዞ መማር ከየት መጣ?



የዛሬው ንግግር ስለ እናንተ ነው ማለት ይቻላል። ቀን ሥራ ውላችሁ፣ ማታ ልጆቹን አብልታችሁና አስተኝታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ደብተር ስለምትከፍቱት። ፊደል ለይታችኋል። ይህን ወረቀት ማንበባችሁ ራሱ ምስክር ነው። ታዲያ ከዚህ ወዲያስ? ስምንተኛ ክፍል? አሥራ ሁለተኛ? ኮሌጅ? «ኧረ ወዲያ! ልጆች ወልጄ አሳድጌ፣ አሁን ኮሌጅ ገብቼ ምን ልሆን?» የሚል አይጠፋም። ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ጠይቆታል። እንዴት እንደተመለሰ እስቲ አብረን እንይ።

በአገራችን ትልቅ ሰው መማሩ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪን ታውቁታላችሁ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ለምኖ እየበላ ይማራል። ዜማ ሲል፣ ቅኔ ሲል፣ መጻሕፍት ሲል ዓመታት ያልፋሉ። ጢም ያወጣ ሰው ከልጅ ጋር ተቀምጦ ቅኔ ቢቆጥር አያፍርም። ነገር ግን ያ ትምህርት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። ቤትን ጥሎ መሄድ ይጠይቃል። ከሸዋ ጎጃም፣ ከጎጃም ጎንደር። ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ጥንድ በሬ የሚጠብቀው ሰው እንዴት ይሂድ? ለእናቶችማ በሩ እጅግ ጠባብ ነበር።

እንግዲህ ትልቅ ሰው መማር እንደሚችል ድሮም የታወቀ ነው። የቸገረው ጊዜውና ቦታው ነው። ቤቱን ጥሎ መሄድ የማይችል ሰው መቼ ይማር? የት ይማር?

ለዚህ ነገር መፍትሔ ከፈለጉት ሰዎች አንዱ በስኮትላንድ አገር፣ ግላስጎው በምትባል ከተማ ያስተምር ነበር። ስሙ ጆርጅ በርክቤክ ነው። በሙያው ሐኪም ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1800 ገደማ ነው። (እ.ኤ.አ. ስንል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለታችን ነው። ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል።)

በርክቤክ ለትምህርት ማሳያ የሚሆን ውሃ የሚስብ መሣሪያ ፈለገ። ወደ ቆርቆሮ ሠሪዎች ቤት ሄዶ አሠራ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡት። «ይህ ነገር ለምንድን ነው? ውሃው እንዴት ሽቅብ ይወጣል?» እያሉ ጠየቁት። በርክቤክ ተገረመ። ዕቃውን በእጃቸው የሠሩት እነሱ ናቸው፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን የነገራቸው ሰው የለም። እነዚህ ሰዎች ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ፣ ያለ ክፍያ፣ አስተምራችኋለሁ አላቸው። በመጀመሪያው ማታ 75 ሰዎች መጡ። በአራተኛው ማታ አዳራሹ ውስጥ 500 ሰዎች ነበሩ። የእጅ ሙያተኞች ናቸው፤ ከሥራ ደክመው የመጡ።

በርክቤክ በኋላ ወደ ለንደን ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1823 በዚያ ከተማ ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ቤት ይቋቋም ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። የተሰበሰቡት በአንድ መጠጥ ቤት ነው። ወደ 2000 ሰው ተገኘ። ተማሪዎቹ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ይከፍሉ ነበር። ከአስተዳዳሪዎቹ ከሦስት ሁለቱ እጅ ሠራተኞች እንዲሆኑም ተወሰነ። ይህን ልብ በሉ። በሰው ችሮታ ብቻ የቆመ ቤት አልነበረም።

ሁሉም ደስ አላለውም። ያን ጊዜ ብዙ ባለጸጎች የሠራተኛን መማር ይፈሩ ነበር። ያነበበ ሠራተኛ አይታዘዝም፣ ይንቀናል፣ ክፉ ዘር እየተዘራ ነው ብለው ጮኹ። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1830 ሴቶችን ተቀበለ። ዛሬ በርክቤክ በሚል ስም የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ዋናው ትምህርቱም እስካሁን የሚሰጠው በማታ ነው።

ነገሩ ግን ቀላል ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ራምሴ ማክዶናልድ የሚባል የድሃ ልጅ ከስኮትላንድ ወደ ለንደን መጥቶ ነበር። ቀን በጸሐፊነት ይሠራል፤ ማታ በርክቤክ ሳይንስ ያጠናል። ያለ ዕረፍት ሲሠራና ሲያጠና ፈተናው ሊደርስ ሲል ታመመ። የሳይንስ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1924 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሹመቱ ሹመት ነው፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሕመሙ ነው። ማታ የሚማር ሰው እንቅልፉን ከየት ያመጣል? ይህን ሳያስቡ «በርቱ» ብቻ ማለት ቀላል ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1940ዎቹ ዓመታት (በእኛ አቆጣጠር ነው) አዲስ አበባ ውስጥ ለጎልማሶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ስሙ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ይባላል። ከዚያም በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ኮሌጁ የማታ ትምህርት ጀመረ። ሰው ሁሉ «ኤክስቴንሽን» የሚለው ይህ ነው። የቢሮ ጸሐፊው፣ አስተማሪው፣ ነርሷ ከሥራ ሲወጡ ወደዚያ ይሄዱ ነበር። አንድ ዲግሪ ለመያዝ ረጅም ዓመታት ይፈጃል። በመሐል ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ልቅሶ አለ። ዕድር ቀጪ ነው፤ «ፈተና ነበረብኝ» ቢሉት አይሰማም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ገበሬው ከእርሻ መልስ፣ እናት ከወፍጮ መልስ፣ ልጅ ያስተማራቸው ብዙዎች ናቸው። አያት በልጅ ልጅ እጅ ፊደል ሲቆጥር የታየው ያን ጊዜ ነው።

የማታ ትምህርት ቤት ግን አንድ ጉድለት አለው። ከተማ ይፈልጋል። ቤቱ ሩቅ የሆነ፣ ሕፃን የሚያጠባ፣ ሌሊት ተራ የሚሠራ ሰው አይደርስበትም። እዚህ ላይ ነው ራዲዮ የገባው።

ጄኒ ሊ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል የሚቆፍር ሠራተኛ ነው። በእንግሊዝ መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ሆነች። የመንግሥቱ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1963 በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሥራውን ለእሷ ሰጣት። እሷም ሁለት ነገር አጥብቃ ያዘች። አንደኛ፣ ለመግባት የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ዲግሪው ከሌላው ዲግሪ አይነስ። ብዙዎች ሳቁባት። አንድ ታላቅ ፖለቲከኛ እርባና ቢስ ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው።

ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይሉታል፤ በራችን ክፍት ነው ለማለት ነው። ትምህርቱ የተጀመረው በ1971 መግቢያ ላይ ነው። ወደ 24,000 ተማሪዎች ነበሩት። ከእነሱ ብዙዎቹ አስተማሪዎችና የቤት እመቤቶች ናቸው። መጽሐፉ በፖስታ ቤት ይመጣ ነበር። የቤት ሥራው ታርሞ በፖስታ ይመለስ ነበር። ለሳይንስ ተማሪ የሙከራ ዕቃው፣ ትንሽ ማጉያ መነጽር ሳይቀር፣ በሣጥን ተልኮ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይሠራበት ነበር። ትምህርቱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው አንዳንዱ ገና በማለዳ፣ አንዳንዱ በምሽት ነበር። በዚያን ጊዜ ቀድቶ የሚያስቀምጥ መሣሪያ በየቤቱ አልነበረም። ስለዚህ ነቅቶ መጠበቅ ግድ ነበር።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገራችሁ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በየዓመቱ ቆራርጦ ይሰጣል። ዘንድሮ አንዱን ክፍል ያለፈ ሰው፣ ከርሞ ልጅ ብትወልድ ወይም ሥራ ቢበዛበት፣ ያለፈው አይሰረዝበትም። ጎተራ እንደገባ እህል ይቆየዋል። ሲመቸው ተመልሶ ከዚያው ይቀጥላል። በእኔ አስተያየት ይህ ከቴሌቪዥኑም የሚበልጥ ብልሃት ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው መሐል ላይ ማቋረጡ እንደማይቀር ያወቁ ሰዎች የሠሩት ሥራ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጀምረው የተዉ ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን እ.ኤ.አ. በ1973 ዲግሪያቸውን የተቀበሉት ለንደን ውስጥ አሌግዛንድራ ፓላስ በሚባል ትልቅ አዳራሽ ነው። የእንግሊዝ የማሠራጫ ድርጅት፣ ቢቢሲ የምንለው፣ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን እ.ኤ.አ. በ1936 የጀመረው ከዚያው ሕንፃ ነበር።