ጨፋ በተራራውና በከተማው መካከል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲዘልቅ የሚከተለው የቦርከናን ሸለቆ ነው። በሸለቆው ወለል የተንጣለለው የጨፋ ረግረግ፣ በበጋ ወራት ሌላው ግጦሽ ሲደርቅ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። መንግሥት መሬትን ለመጠበቅና የከተማን መስፋፋት ለመግታት ባደረገው ጥረት ግን የዚህ ሜዳ ስም እምብዛም አይነሣም፤ ሕጉ ያተኮረው በዳገቱና በከተማው ላይ ነበርና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ (ይህን ያህል መሬት በወሎ ገበሬ እጅ መገኘቱ ብርቅ ነበር)። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታ የመንግሥት አድርጎ፣ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውን እስከ 500 ካሬ ሜትር ገደበው። የሁለቱም ዓላማ የባለመሬቱን ኀይል መስበር እንጂ አካባቢን መጠበቅ አልነበረም። ሆኖም ከተማ በየት በኩል ይስፋ የሚለውን ጥያቄ በመንግሥት እጅ ያስገቡት እነርሱ ናቸው።

የ1965ና የ1966 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ከመታ በኋላ የባለሥልጣኑ ዓይን ወደ ተራራው ዞረ። በ1972 ዓ.ም. የደንና የዱር አራዊት አዋጅ ቁጥር 192 ታወጀ። በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታም ገበሬው በቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት እየተከፈለው እርከን ሠራ፤ ችግኝ ተከለ፤ የተራቆተውም ዳገት ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከለለ። ሥራው ግዙፍ ነበር። ነገር ግን ትእዛዙ ከላይ የወረደ በመሆኑ፣ ዛፉ የማን እንደ ሆነና ሣሩን ማን እንደሚያጭደው ለገበሬው አልተረጋገጠለትም። ከዳገቱ የተባረረው ከብትም መሄጃው ያው ሜዳው ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ በወሎ በብዙ ስፍራ ክልሉ ተደፈረ፤ ዛፉም ተጨፈጨፈ። ይህን በገበሬው አለማወቅ ማሳበብ ቀላል ነው፤ የራሱ ያልሆነውን ዛፍ ግን ለማን ብሎ ይጠብቅ?

ከዚያ ወዲህ ሕግ አላነሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አደረገ፤ አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ አዘዘ፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የከተማን ቦታ በሊዝ ሥርዐት አጸና። የዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴም በዚሁ ትመራለች። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ የወል ይዞታ ሲወሰድ ካሣ እንዲከፈል ደንግጓል። ይሁን እንጂ በበጋ ብቻ ከቆላ የሚመጣውን አርቢ የወል ይዞታው ተጠቃሚ ነው ብሎ በመዝገብ የሚያሰፍረው ማን ነው?

ከላይ የሚመጣውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከናም ወደ ጨፋ ይወርዳል። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተከፈተባት ኮምቦልቻ በደቡብ ወሎ ትገኛለች፤ ውኃውን የሚጠጣው ከብት ግን በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ እንዲገመገም ያዛል። ግምገማው በክረምት ቢካሄድ ገምጋሚው በጨፋ የሚያገኘው የረግረጉን ውኃ ነው፤ የበጋው አርቢ ገና አልደረሰም።