በኮከብ ፊት የምታልፍ ጥላ



በሌሊት የምናያቸው ከዋክብት እንደ ፀሐያችን በራሳቸው ብርሃን የሚያበሩ መሆናቸው ከታወቀ ብዙ ዘመን ነው። በዙሪያቸው ፕላኔቶች ይዞሩ እንደ ሆነ ግን ለማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ፕላኔት የራስዋ ብርሃን የላትም፤ የኮከቡም ድምቀት ይሰውራታልና።

በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. (የቀሩትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካርኮቭ ተወልደው በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ፈለክ ሊቅ ኦቶ ስትሩቬ አንዲት አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። በዚህችም ጽሑፍ፥ እንደ ጁፒተር ያለች ታላቅ ፕላኔት ለኮከብዋ እጅግ ቀርባ በአንድ ቀን ልትዞረው እንደምትችል አመለከቱ። መንገድዋም በእኛና በኮከቡ መካከል ቢሆን፥ እርስዋ ባትታይም የኮከቡ ብርሃን ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ስለሚቀንስ፥ ይህን በዘመኑ መሣሪያ መለካት እንደሚቻል ገለጡ።

ሐሳቡ ግን በመዝገብ ቤት እንደ ተረሳ ደብዳቤ ከ40 ዓመት በላይ ተቀመጠ። እንቅፋቱ የመሣሪያ ማነስ ብቻ አልነበረም። በእኛ ሰማይ ታላላቆቹ ፕላኔቶች ከፀሐይ ርቀው ይዞራሉ፤ ጁፒተር አንዱን ዙር የምትፈጽመው በ12 ዓመት ገደማ ነው። ሊቃውንቱ የአንዱን ቤት ሥርዓት የሁሉ ቤት ሥርዓት አድርገው ስለ ገመቱ፥ በጥቂት ቀን የምትዞር ታላቅ ፕላኔት ለመፈለግ የተነሣው ጥቂት ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የስዊስ ሊቃውንት ሚሼል ማዮርና ዲድዬ ኬሎዝ የኮከብን መወዛወዝ በመለካት፥ 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ በአራት ቀን ገደማ የምትዞር ታላቅ ፕላኔት አገኙ። ግምቱም ፈረሰ። በ1999 ዓ.ም. ዴቪድ ሻርቦኖና ቲሞቲ ብራውን በኮሎራዶ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ስፋት ባላት ቴሌስኮፕ፥ ኤች ዲ 209458 የሚባለው ኮከብ ብርሃኑ ከመቶ 1.5 እጅ ያህል ሲቀንስና መልሶ ሲሞላ አዩ። ግሬግ ሄንሪና የሥራ ጓደኞቻቸውም ለብቻቸው ይህንኑ አረጋገጡ። ከብርሃኑ ጉድለት የፕላኔቷ ስፋት ተሰላ፤ ከክብደትዋም ጋር ሲነጻጸር የጋዝ አካል መሆንዋ ታወቀ። ቀጥሎም በሐብል ቴሌስኮፕ በአየርዋ ውስጥ ሶዲየም ተገኘ።

ምድራችንን የምታህል ፕላኔት ግን ከኮከብዋ ብርሃን የምትጋርደው ከ10,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ዊልያም ቦሩኪ ይህን ከጠፈር ሆኖ የሚለካ መሣሪያ እንዲሠራ ያቀረቡት ጥያቄ አራት ጊዜ ተመልሶባቸው በ2001 ዓ.ም. ተፈቀደ። በ2009 ዓ.ም. የመጠቀው ኬፕለር እስከ 2018 ዓ.ም. ሲሠራ፥ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች በእርሱ ምርመራ ተገኙ።

ስትሩቬ በ1963 ዓ.ም. ስላረፉ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላዩም። የቀድሞው ልማድ ያልፈቀደው ነገር ሁሉ የማይሆን ነገር እንዳይደለ ግን የእርሳቸው ታሪክ ይመሰክራል። በጠረጴዛችን ላይ የሚቀርበውን አዲስ ሐሳብ፥ ከለመድነው ስለ ራቀ ብቻ ወደ ጐን ከማድረጋችን በፊት መርምረን ብናየው፥ ለሥራችንም ለአገራችንም ይጠቅማል።